ዳሽቦርድ የማልበስ ዘመቻ

ሰኞ፣ ለፍተሻው 36 ቀን ሲቀር

ለሚመለከታችሁ ሁሉ። ዛሬ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የመኪናችን ዳሽቦርድ ማርጀቱ በይፋ ተረጋግጧል። ዜናው ድንገተኛ ስለሆነ ቤተሰቡ እንዲረጋጋ አሳስባለሁ። ስንጥቁ ከመሪው አጠገብ ይነሳና በሬዲዮው አናት ዞሮ እስከ መሳቢያው ክዳን ይወርዳል። ካርታ ላይ ቢሆን ኖሮ ስም የሚወጣለት ወንዝ ነበር።

ማርጀቱን ያረጋገጠችው ባለቤቴ ናት። ከትምህርት ቤቱ የመጣውን ወረቀት ይዛ መኪናዋ ውስጥ ገባች፣ ተቀመጠች፣ እንደ ዳኛ ጮክ ብላ አነበበች። «የተማሪ ማመላለሻ መኪና ውስጡ ያልተሰነጠቀ፣ ያልተላጠ፣ ልጅ የሚቧጥጥ ስለት የሌለበት መሆን አለበት።» ከዚያ በጣቷ ስንጥቁን ተከተለችው። ስንጥቁ ጣቷን ቧጠጣት።

«ይኸው» አለች።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሦስት ሕፃናትን ጠዋት የሚወስድ፣ ከሰዓት የሚመልስ ሹፌር ይፈለጋል። ባለቤቴ ተመርጣለች። ሃያ ዓመት ሙሉ በልብስ ስፌት ድርጅት ጨርቅ ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት፤ ድርጅቱ ሲዘጋ በማግስቱ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ተመዘገበች። ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ይተኛ ነበር። መኪናዋ በፍተሻው ቀን ካላለፈች ግን ቦታው ወረፋ ለሚጠብቅ ለሌላ ሹፌር ይሰጣል። ሁለተኛ ዕድል የለም። ወረቀቱ ላይ ከሥሩ ተሰምሮበታል።

እኔ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሳረቅቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ውኃ ስለሚቋረጥ»፣ «በዚህ በር መግባት ስለተከለከለ»፣ እነዚህ ሁሉ የእጄ ሥራ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ሲዋሃድ እኔ ሳልዋሃድ ቀረሁ። ስምንት ወር ሆነኝ። ቅር አላለኝም።

ስለሆነም በዛሬው ዕለት የሚከተለውን ወስኛለሁ፦ ዳሽቦርዱን ስቲከር አለብሰዋለሁ። በራሴ እጅ። ማንም አይነካውም።


ረቡዕ፣ 34 ቀን ሲቀር

ስቲከር ገዛሁ። ባለቤቴ «ግራጫ ይሁን፣ ዝም ያለ» ብላኝ ነበር። የእንጨት መልክ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ አመጣሁ። ሻጩ «ትልልቅ ሰዎች መኪና ውስጥ የምታየው ይሄን ነው» አለኝ። ትልልቅ ሰዎች ሲል ለምን ቀጥ ብዬ እንደቆምኩ አላውቅም።

አማቴ ጥቅሉን ገለጥ አድርገው አዩት። ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ለመርፌ ደከም ብሏል፣ ለሰው ጉድለት ግን ገና ወጣት ነው።

«ልጄ፣ የምትሠራው መኪና ነው ቁምሳጥን?»

«ዳሽቦርድ ነው እማማ።»

«እንግዲያው ኮት የምንሰቅልበትን አሳየን።»

ባለቤቴ ፊቷን አዙራ ቆማ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ብርድ ይሆናል።


ቅዳሜ፣ 31 ቀን ሲቀር

ታላቅ ቀን።

የሥራው ሕግ ቀላል ነው። ስቲከሩን ከጀርባው ወረቀት ታላቅቀዋለህ፣ በሙቀት ታለሰልሰዋለህ፣ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋህ አየሩን ታስወጣለህ። ለሙቀቱ የባለቤቴን የፀጉር ማድረቂያ በረጅም ገመድ በኩሽናው መስኮት አወጣሁ። ለመግፊያ ደግሞ የማይቧጭር ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ያስፈልጋል። ቤቱን ሁሉ አተራምሼ አጣሁ። በመጨረሻ ከኪሴ የድሮ የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን አወጣሁ። ስምንት ወር ሙሉ ኪሴ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ለዚህ ማስታወሻ አግባብነት የለውም። ብቻ ፎቶዬ በግንባሩ አየር እየገፋ ዋለ። በሃያ ሰባት ዓመት አገልግሎቱ እንዲህ ውጤታማ ሆኖ አያውቅም።

አማቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሥራውን ተቆጣጠሩ።

«እዛጋ አብጧል።»

«አየር ነው እማማ፣ ይወጣል።»

«እዚህም አብጧል።»

«እሱም አየር ነው።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ አየር ከየት መጣ? አንተ ስታወራ ነው የገባው።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተጠናቀቀ። ባለቤቴን ጠራኋት፣ በሩን ከፈትኩላት፣ አጭር ንግግር አደረግሁ። ንግግሩ ሦስት ክፍል ነበረው። በሁለተኛው ክፍል ላይ ሄዳ ድስት አወረደች፤ ለሦስተኛው ደረሰች።

«ያምራል» አለች።

ያምራል! በማስታወቂያ ሥራ ዘመኔ አንድም ሰው «ይህ ማስታወቂያ ያምራል» ብሎኝ አያውቅም።


እሁድ፣ 30 ቀን ሲቀር

ተላቀቀ። ጠዋት በሩን ስከፍት ከሁለቱም ጫፍ ተጠቅልሎ፣ ምላሱን አውጥቶ ጠበቀኝ። መልሼ ለጠፍኩት።


ሰኞ፣ 29 ቀን ሲቀር

ተላቀቀ። ተጠያቂዎች በቅደም ተከተል፦ ሻጩ፣ ፀሐይዋ፣ አማቴ (ከኋላ ሆነው ሲተነፍሱ ነበር)። ለጠፍኩት።


ማክሰኞ፣ 28 ቀን ሲቀር

ከምሳ በፊት። ዝርዝሩን መጻፍ ክብሬ አይፈቅድም።


ረቡዕ፣ 27 ቀን ሲቀር

ከመንገዱ ማዶ የመኪና ወንበር የሚሰፋ ጎረቤት አለን። እጁን ኪሱ ከቶ፣ ጥርሱን እየፋቀ መጣና በመስኮት አጮለቀ።

«ጋሼ፣ አኩርፏል እንዴ?»

«ማን?»

«ስቲከሩ።»

«እየተላመደ ነው።»

ዳሽቦርዱን በአውራ ጣቱ ነካ፣ ጣቶቹን አሻሸ፣ አሸተተ። ሐኪም ቤት የገባሁ መሰለኝ።

«በምንድን ነው ስታጸዳው የኖርከው?»

«በውኃ።»

«በውኃ ብቻ?»

«በንጹሕ ውኃ።»

«እንግዲያው ውኃችሁ ወዝ አለው» ብሎ ሄደ።

እዚህ ላይ ለታሪክ ሲባል አንድ ነገር መመዝገብ አለበት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዳሽቦርዱን በሚያብረቀርቅ ቅባት ስወለውለው ኖሬያለሁ። ዝናብ አላስቀረኝም፣ ጉንፋን አላስቀረኝም፣ የሰው ለቅሶ እንኳ አስረፍዶኝ እንደሆነ ነው እንጂ አላስቀረኝም። በዚህ ሰፈር መኪናውን እንደኔ የሚንከባከብ የለም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ማንም ባይል እኔ ብያለሁ። ያ ሁሉ ቅባት ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ፣ ዛሬ ማጣበቂያው ሲመጣ አላስገባም አለ። ሻጩንም ፀሐይዋንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። አማቴን በኋላ አያቸዋለሁ።

የቅባቱን ጠርሙስ ከዕቃ ቤት፣ ከቀለም ጣሳው ጀርባ ሸሸግሁት። ባለቤቴ ብትጠይቀኝ አላውቅም።

ባለቤቴ አልጠየቀችኝም። ገበታ ላይ ግን ወደ ሳህኗ እያየች «ከመድኃኒቱ ሳጥን ውስጥ አልኮል አለ፤ ቅባት ያስለቅቃል» አለች። ይህን ርዕስ ለምን እንዳነሳች ግልጽ አይደለም።


ቅዳሜ፣ 24 ቀን ሲቀር

ሦስት ቀን አጠብሁ። የሳሙና ውኃ፣ አልኮል፣ ደረቅ ጨርቅ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። የመጀመሪያው ጨርቅ ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ አሥረኛው ግራጫ፣ ሃያኛው እንደገባ ነጭ። አሥራ አራት ዓመት ቅዳሜ በባልዲ ተደፋ።

መኪናዋ የቆመችው ከኩሽናው መስኮት ሥር ነው። ሆን ብዬ አላዳመጥኩም። ጆሮ ክዳን የለውም።

አማቴ፦ «ለምን ያ ጎረቤታችሁ አይሠራውም? በአንድ ቀን ይጨርሰው ነበር እኮ።»

ባለቤቴ፦ «ተይው እማዬ። ቢያንስ አሁን በጠዋት ይነሳል። ጺሙን ተላጭቷል፣ አይተሻል?»

አማቴ፦ «አይቻለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ይዘፍናል።»

ባለቤቴ፦ «ይዝፈን።»

አማቴ፦ «ድምፁ እኮ ነው።»

ባለቤቴ፦ «ይዝፈን አልኩሽ።»

ስለማን እንደሚያወሩ አልገባኝም። አንድ ዘመድ ታሞ ተሽሎት ይሆናል። ማን እንደሆነ እንኳን ቢነግሩኝ ሄጄ በጠየቅሁት።


ረቡዕ፣ 20 ቀን ሲቀር

ተጣበቀ! ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። በበሩ በኩል ትንሽ አጥሮኝ ነበር፤ አሞቅሁት፣ ሳብሁት፣ እንደ ላስቲክ ተለጠጠልኝ፣ እስከ ጥጉ ደረሰ።

ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አየችው። «በጣም አልተሳበም?»

«ይችላል።»

«እሺ» አለች። የእሷ እሺ ብዙ ዓይነት ነው። ይኼኛውን አላውቀውም።


ቅዳሜ፣ 17 ቀን ሲቀር

ተሰብስቧል።

የሳብሁት ሁሉ ወደነበረበት ተመለሰ። በየጠርዙ አንድ ጣት የሚያህል እርቃን ወጣ፤ ዳሽቦርዱ በአንድ ሌሊት ያደገ፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የቀረ ልጅ መሰለ። በዚያ ላይ ስንጥቁ፣ ያ ወንዝ፣ በጥጉ በኩል ብቅ ብሎ ደህና አደራችሁ ይላል።

መኪናዋ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥሁ። አሥራ ዘጠኝ ቀን አባክኛለሁ። ግራጫ ስባል እንጨት አመጣሁ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ዋሸሁ። በጣም አልተሳበም ወይ ስባል «ይችላል» አልሁ። ቦታው ለሌላ ሹፌር ቢሰጥ በወረቀቱ ላይ «መኪናዋ አላለፈችም» ነው የሚጻፈው። የመኪናዋ ጥፋት እንዳልሆነ የሚያውቀው ግን ይህ ደብተርና እኔ ነን። ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ መንዳት ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ወድቆ፣ እንደገና ተፈትኖ፣ በባሉ ቁምሳጥን ምክንያት ይቅር?

ባለቤቴ መጣችና ከመሪው ኋላ ተቀመጠች። የተሰበሰበውን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው።

«ጨርቅም እንዲህ ነው» አለች። «ስትጎትተው እሺ ይልሃል። ስትለቀው ወደ ቦታው ይሄዳል።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«መጎተት የለበትማ። በልኩ ትቆርጠዋለህ፣ ታስተኛዋለህ፣ በቃ።»

«ልኩ እንዴት ይታወቃል?»

«በወረቀት ይወሰዳላ! ሃያ ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለህ?»

እውነት ለመናገር ስቲከርና ጨርቅ ዘመድ መሆናቸውን እስከ ዛሬ አላሰብኩም ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ቆራጯ እሷ፣ የምቆርጠው እኔ።

ልክ ለመውሰድ ጠንከር ያለ ሰፊ ወረቀት ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ያለው ጠንካራ ወረቀት አንድ ካርቶን ሙሉ ነው፤ ካረቀቅኋቸው ማስታወቂያዎች እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ቅጂ አስቀምጫለሁ። ባለቤቴ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«እነዚያን...» አለች።

«የትኞቹን?»

«አንተ የምታውቃቸውን።»

የማትጠይቀውን ነገር አጠያየቋ እንዲህ ነው። ካርቶኑን ራሴ ተሸክሜ አወጣሁ።

«ለክቡራን ተገልጋዮቻችን» የሚለውን ዳሽቦርዱ ላይ አስተኛችው፣ በጥፍሯ ጠርዙን ተከተለች፣ በመቀስ ዞረችው። «ማሳሰቢያ» የመሳቢያው ክዳን ሆነ። «በጥብቅ የተከለከለ ነው» ለሁለት ተሰንጥቆ የአየር ማውጫው ዙሪያ ሆነ። የመጀመሪያዎቹን አራት ወረቀቶች ስትቆርጥ እያመመኝ አየሁ። በአምስተኛው ላይ መቀሱ እኔ እጅ ነበር።


እሁድ፣ 16 ቀን ሲቀር

ግራጫ ገዛን። ሻጩ «ትልልቅ ሰዎች...» ብሎ ሲጀምር ባለቤቴ አየችው። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቀረ።


ረቡዕ፣ 13 ቀን ሲቀር

መዋቅሩ በአዲስ መልክ ተደራጅቷል። ባለቤቴ ቆራጭ፣ እኔ ገፊ፣ አማቴ የሙቅ አየር ኃላፊ። የፀጉር ማድረቂያውን ከተረከቡ ወዲህ ጀርባቸው ቀና ብሏል፤ ሥልጣን ለጤና ጥሩ ነው።

የእንጨቱን ስቲከር ላጥነው። የስንጥቁን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት አለስልሰን፣ ጉድጓዱን በመሙያ ደፍነን፣ እስኪደርቅ ጠበቅን። ከዚያ ግራጫው ተኛ። ተኛ ነው የምለው። አልተጎተተም፣ አልተለመነም። ባለቤቴ በሁለት እጇ ጫፉን ይዛ ታወርደዋለች፣ እኔ በመታወቂያዬ እከተላለሁ፣ አማቴ ከኋላ ወንበር እጃቸውን ዘርግተው ይነፋሉ።

«እማማ፣ ጆሮዬ ነው!»

«አብጦ ሳየው አየር ያለበት መሰለኝ።»

ባለቤቴ ሳቀች። ሳቋ ሲጠናባት መሪው ላይ ተደፋች፣ ጥሩንባው ጮኸ፣ እሷም ሳቅ አላስነሳት ብሎ ጥሩንባው አላቆመም። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ወንበር ሰፊው ጎረቤታችን መርፌውን እንደያዘ እየሮጠ መጣ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ጆሮው ላይ ሊለጥፉለት ነው» አለች ባለቤቴ፤ ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም።

እንዲህ ስትስቅ መቼ እንዳየኋት ለማስታወስ ሞከርኩ። ዓመቱን አጣሁት።


ቅዳሜ፣ 10 ቀን ሲቀር

ዳሽቦርዱ አለቀ። አራቱም በሮች አለቁ።

የተረፈው የእንጨት ስቲከር እንዳይባክን በቤት ውስጥ ተጨማሪ ሥራዎች ተከናውነዋል፦ ሬዲዮው፣ የስኳር ጣሳው፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት፣ የአማቴ የመነጽር ቤት። አማቴ ከወንበራቸው ተነስተው ሲገቡ «እዚህ ዝም ብዬ ከተቀመጥሁ እኔንም ይለጥፈኛል» ማለታቸው ተሰምቷል።

ባለቤቴ ልኩን ሳትወስድ የተወችው አንድ ሰፊ ክዳን ነበር፤ ከፊት ተሳፋሪው ወንበር ትይዩ፣ ከመሳቢያው በላይ። ጥጉ ላይ ትንሽ ጽሑፍ አለበት። አላነበብሁትም። ማስታወቂያ የማረቅቅ እንጂ የማነብ ሰው አይደለሁም። ረስታው ነው ብዬ፣ እሷ ገበያ በሄደችበት፣ በዓይኔ ለክቼ፣ አንድ ወጥ አድርጌ አለበስሁት። አንድ ሽብሽብ የለበትም። አንዲት የአየር አረፋ የለችበትም።

ስትመለስ አየችው።

«ልኩን ሳልወስድልህ?»

«በዓይኔ።»

መዳፏን አሳረፈችበት፣ ከጥግ እስከ ጥግ አስኬደችው።

«ጎበዝ!»

ሌላ የምጽፈው የለኝም።


ረቡዕ፣ 6 ቀን ሲቀር

የሙከራ ጉዞ። ባለቤቴ ነዳች፣ አማቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በዚህች መኪና የኋላ ወንበር ስቀመጥ በአሥራ አራት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ሲታይ ከተማው ሌላ ነው።

«እግርህን ምን ነካው?» አሉ አማቴ።

«ምንም።»

«ወለሉን ልትበሳው ነው እኮ። ፍሬኑ እሷ ጋ ነው።»

ማርሽ ስትቀይር አይሰማም። እኔ ስቀይር ሰፈሩ ይነቃል። መስቀለኛው መንገድ ላይ አንድ ከባድ መኪና ሲዘጋባት ጥሩንባ እንኳ አልነካችም፤ ቆመች፣ አየችው፣ እሱ ራሱ አፍሮ ወደ ኋላ ሄደ። ቅር አላለኝም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ አቆመች። በመስታወቱ አየችኝ።

«እኔ ሥራ ስጀምር ጠዋት ጠዋት ምን ትሠራለህ?»

«ብዙ ጉዳይ አለኝ» አልኋት።

ጉዳዮቹን እዘረዝራለሁ ብዬ ማስታወሻውን ከፈትሁ። ከምሳ በኋላ ጀምሬ ተቀምጫለሁ። ከላይ «ጉዳዮች» ብዬ ከሥሩ አስምሬበታለሁ።


ቅዳሜ፣ 3 ቀን ሲቀር

ወንበር ሰፊው ሊመርቅልን መጣ። በሩን አሻሸ፣ «አቤት!» አለ። የአየር ማውጫውን ዙሪያ አየ፣ «ይሄ የእትዬ እጅ ነው» አለ። ከዚያ እጁ ሰፊው ክዳን ላይ ደርሶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ለጠፈው?»

«እኔ!» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ከሥሩ ኤርባግ አለ እኮ።»

«እና?»

«መኪና ሲጋጭ ይሄ ክዳን ተበርግዶ ነው ኤርባጉ፣ ሰው የሚያድነው የአየር ከረጢት፣ የሚወጣው። እንዲህ ወጥ አድርገህ ስትሸፍነው ሊይዘው ይችላል። ፈታሾቹም መጀመሪያ የሚያዩት ይሄን ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእትዬ ንገራትና ዛሬውኑ አንሱት።»

እርግጥ ነው፣ እነግራታለሁ። ምሳ ላይ።

ምሳ ላይ «ጨው አቀብዪኝ» አልኋት።


እሁድ፣ 2 ቀን ሲቀር

አልነገርኋትም። ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ገብታ ክዳኑን በለስላሳ ጨርቅ ስትጠርግ አየሁ። ስትጠርግ ፈገግ ትላለች።


ሰኞ፣ 1 ቀን ሲቀር

ሸሚዟን ተኮሰች። ጫማዋን ወለወለች። አልነገርኋትም። ፍሬን አስፈትሻ መጣች። መብራት ደህና። ሁሉም ደህና። አልነገርኋትም። ጨው ሁለቴ ጠየቅሁ። «ምግቡ ጨው የለውም እንዴ?» አለች። አለው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ለስንት ሺህ ሰው ማስጠንቀቂያ ስሰጥ ኖሬ።


ማክሰኞ፣ የፍተሻው ቀን

ከፊታችን ዘጠኝ መኪና ነበር። ፈታሿ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ የሰካች ሴት ናት። ቀልድ የምታውቅ አትመስልም። ፍሬን፣ ደህና። መብራት፣ ደህና። ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ ጎተተች። ከዚያ በሩን ከፈተችና ዳሽቦርዱን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«በእጃችሁ ነው የሠራችሁት?»

«በእጃችን» አለች ባለቤቴ። ቀጥ ብላ ቆማለች። ሸሚዟ ላይ አንድ ሽብሽብ የለም።

እጇ እየተንሸራተተ መጣ። በሬዲዮው አናት አለፈ። ወደ ክዳኑ ተጠጋ።

«ስህተት አለ» አልሁ።

በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ጽፌው አላውቅም፤ በእኛ መሥሪያ ቤት «የአሠራር ክፍተት» ነበር የሚባለው። ፈታሿ ቀና አለች።

«ያ ክዳን ኤርባግ ነው። የሸፈንኩት እኔ ነኝ። እሷ ትታው ነበር፤ ልኩንም አልወሰደችም። ከቅዳሜ ጀምሮ አውቃለሁ፣ አልነገርኳትም።»

ባለቤቴ ዞራ አየችኝ።

«ከቅዳሜ?»

«ከቅዳሜ።»

«ጎበዝ ስላልኩህ ነው?»

መሬቱን አየሁ።

ፈታሿ ሰዓቷን አየች። «ወረፋ አለ። አሁን ይነሳል ወይስ ስሟን ልሰርዝ?»

ምላጭ የለንም። ማድረቂያ የለንም፤ የሙቅ አየር ኃላፊዋም ቤት ናቸው። ዝም ብሎ ቢቦጨቅ ደግሞ ማጣበቂያው ክዳኑ ላይ ይቀራል፣ የተላጠ መኪና አያልፍም። ባለቤቴ ገብታ ሞተሩን አስነሳች፣ መኪናዋን ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አውጥታ አፍንጫዋን ወደ ፀሐይ አዙራ አቆመቻት። ጠበቅን። ከኋላችን አንዱ ጥሩንባ ነፋ። ፈታሿ ዞራ አየችው፣ ተወ።

ስቲከሩ ሲለሰልስ ባለቤቴ አንዱን ጥግ ያዘች፣ እኔ ሌላውን።

«አትጎትት» አለች።

«አልጎትትም።»

«ቀስ።»

«ቀስ።»

እንደ አንሶላ ተነሳ። አንድ ወጥ፣ ሳይቀደድ፣ ከሥሩ ምንም ሳያስቀር። ክዳኑ ንጹሕ ነበር፤ ጥጉ ላይ ያለችው ትንሽ ጽሑፍም ወጣች። ጮክ ብዬ አነበብኋት፦ «ይህን ክዳን መሸፈን ክልክል ነው።»

«ደግ» አለች ፈታሿ፣ «ማንበብስ ትችላለህ።»

እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ አወረደች፣ ጻፈች፣ ማኅተሟን እፍ ብላ መታች። «አልፋለች።»

ባለቤቴ አልጮኸችም። የመኪናዋን ጣሪያ ብቻ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።

«ረዳቱስ?» አለች ፈታሿ ወረቀቱን እየገለጠች። «ሕፃናቱን የሚያሳፍር፣ የሚያወርድ፣ ቀበቶ የሚያስር አዋቂ ሰው ግዴታ ነው።»

ይህን አላሰብንም! ስለ ስቲከር ስንጨነቅ ይህን አላሰብንም!

«ከሥር ተጽፏል» አለች ባለቤቴ።

ተጽፏል። ስሜ ነው። በእርሷ እጅ ጽሑፍ፣ ቀለሙ ደርቆ የከረመ። ቀኑን አየሁት፤ ስለ ስቲከር አንድም ቃል ከመነጋገራችን በፊት ነው።

«አልነገርሽኝም» አልኋት።

«አንተም አልነገርከኝም» አለች። ከዚያ ወደ ክዳኑ ጠቆመችኝ፣ አሁን ዓይኗ ተቆጥቷል። «እና ከዚህ ፊት ለፊት በየቀኑ የሚቀመጠው ማን መሰለህ? እኔ ማንን ነበር ከጎኔ አስቀምጬ የምነዳው? ኤርባጉን ያፈንክብኝ የማንን ነው?»

እኔ ሦስት ቀን ሙሉ የፈራሁት «ጎበዝ» የሚለውን ቃል እንዳልቀማ ነበር። ሌላ የሚፈራ ነገር እንዳለ አላወቅሁም ነበር።

«ደግሞ ጠዋት ብዙ ጉዳይ አለህ» አለች አፍንጫዋን እየሳበች። «ስምህ ይሰረዝ?»

«ጉዳዮቹ ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝመዋል» አልሁ።

ፈታሿ ሳቀች። ቀልድ ታውቃለች።


ሰኞ፣ ከፍተሻው በኋላ 6ኛ ቀን

የመጀመሪያው ቀን።

ሦስት ሕፃናት ከሦስት በር። አንዷ የፊት ጥርስ የላትም፣ አንዱ ከቦርሳው ያንሳል፣ ሦስተኛዋ ዳኛ ናት።

«የምትነዳው አንተ ነህ?» አለችኝ ሦስተኛዋ፣ ከመግባቷ በፊት።

«አይደለሁም። እሷ ናት።»

«አንተስ?»

«ረዳት ነኝ። በር እከፍታለሁ፣ ቀበቶ አስራለሁ።»

በሩን ከፈትሁላት። ከላይ እስከ ታች ገመገመችኝ። «ጥሩ ትከፍታለህ» ብላ ገባች። ከቦርሳው የሚያንሰው ልጅ በሩን በመዳፉ እያሻሸ «ለስላሳ ነው፣ ለስላሳ ነው» እያለ ሄደ። ጥርስ የሌላት ስለ ጥርሷ ተናገረች፤ ረጅም ታሪክ ነው፣ መጨረሻው ላይ ጥርሱ ጠፍቷል። ባለቤቴ ነዳች። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ እግሬን ሰብስቤ ያዝሁ፤ ወለሉን አልነካሁም ማለት ይቻላል።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ በአንድ አወረድኋቸው። በሩን አልፈው ከገቡ በኋላ ከቦርሳው የሚያንሰው ልጅ ተመልሶ ዞረ። ቦርሳው እየጎተተው እጁን አውለበለበልኝ። ለሹፌሯ አይደለም። ለእኔ ነው።

ወንበሬ ላይ ተመለስሁ። ባለቤቴ ሞተሩን አላስነሳችም።

«ዓይንህን ምን ነካው?»

«የስቲከር ብናኝ ገብቶበት ነው።»

ለታሪክ እንዲመዘገብ፦ የስቲከር ብናኝ ነው።


ማክሰኞ፣ ከፍተሻው በኋላ 7ኛ ቀን

ማረሚያ

በሰኞ ዕለት ማስታወሻ መጨረሻ አካባቢ፣ የጸሐፊው ዓይን እንባ ያቀረረው በስቲከር ብናኝ ምክንያት እንደሆነ ተገልጿል። ጉዳዩ በድጋሚ ተጣርቷል። የጸሐፊው አማት በዋዜማው መኪናዋን ከጣሪያ እስከ ምንጣፍ በእጃቸው ጠርገው እንደነበርና በዕለቱ ውስጧ ምንም ዓይነት ብናኝ እንዳልነበረ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ስለሆነም «የስቲከር ብናኝ» የሚለው ተሰርዞ «ደስታ» ተብሎ ይነበብ።